ካርቶን አይዋሽም

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ከሚያድሩበት ሜዳ ጀርባ ባለው የመለዋወጫ ተራ፣ አንድ አባባል አለ። ሹፌሮች ሒሳብ ሲከፍሉ ጣል ያደርጉታል፤ ደላሎች ሲጣሉ ይወራወሩታል። አንድ ጊዜማ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ አንዱ ሳያስበው ቢያመልጠው፣ ባልየው ተቆጥቶ እርቁ ሊፈርስ ነበር አሉ። አብዛኛው ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ተረት ይመስለዋል። አይደለም። አባባሉ የተተረተበት ሰውዬ ዛሬም በሕይወት አለ። በዚያ ተራ ሲያልፍ አንዱ ሊተርተው አፉን ከከፈተ፣ ያልተደወለለትን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ እርምጃውን ያፈጥናል።

ስሙ አጥናፉ ነው። አጥናፉ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ኩሽኔታ ፈትቶም አስሮም አያውቅም። ያም ሆኖ ፀጉሩ ሸበት እስኪል ድረስ የኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮንና የፊልትሮ ነጋዴ ነበር። ጥበቡ ዕቃው ላይ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ ነው። ጋራዥ ለጋራዥ ይዞርና መካኒኮች ዕቃውን አውጥተው የወረወሩትን የኦሪጅናል ባዶ ካርቶን በሻይ መጠጫ ይገዛል። ዘይቱን በጥጥ ይጠርጋል፣ የተጨማደደውን ጠርዝ ያቃናል፣ የሚያብረቀርቀው ምልክት የተላጠ እንደሆነ ከሌላው ነቅሎ ይለጥፋል። ከዚያ ከየት እንደመጣ እሱና ፈጣሪ ብቻ የሚያውቁትን ኮፒ ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልሎ ውስጡ ያስተኛዋል። የገዛ ልጁን እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚያስተኛ አባት ብዙ የለም።

ደንበኛ ዕቃውን በእጁ እያገላበጠ ቢጠራጠር፣ አጥናፉ አይቆጣም፤ አይምልም። ካርቶኑን ብቻ ያነሳና ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያሳየዋል።

«ካርቶኑን እይ» ይላል። «ሰው ይዋሻል፤ ካርቶን አይዋሽም።»

ኩሽኔታው ተሰብሮ የተመለሰ እንደሆነስ? ለዚያም መልስ ነበረው። «ዕቃው ምንም የለበትም፤ ችግሩ አገጣጠሙ ነው።» ሹፌሩ ይህን ሰምቶ ከመካኒኩ ጋር ሊጣላ ይሄዳል። በዚህ መልስ የተነሳ ስንት የቆየ ወዳጅነት እንደፈረሰ ቤት ይቁጠረው።

ጋሽ እንድሪስ ግን ከመካኒካቸው ጋር የሚጣሉ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ከመሪ ጀርባ የፈጁ ሹፌር ናቸው። ከአጥናፉ በገዙት የጎማ ኩሽኔታ ቲማቲም ጭነው ወደ ሰመራ ሲወርዱ፣ ከባቲ በታች ባለው ሐሩር ጎማው ተቆልፎ ቆሙ። እርዳታ እስኪመጣ ቲማቲሙ እላያቸው ላይ ስልስ ሆነ። የጭነቱ ባለቤት ደግሞ ስልስ አላዘዝኩም አለ።

ተመልሰው ሲመጡ የተሰነጠቀውን ብረት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ይኸው ኩሽኔታህ» አሉ።

አጥናፉ ብረቱን አልነካውም። «ጋሽ እንድሪስ፣ ካርቶኑን ይዘውታል?»

«ካርቶኑን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ከካርቶኑ ነው የሚታወቀው። ኦሪጅናል ነው የሰጠሁዎት። መካኒክዎ በመዶሻ መትቶት ይሆናል። ችግሩ አገጣጠሙ ነው።»

 ጋሽ እንድሪስ ወደ መኪናቸው ሄደው ባዶውን ካርቶን አመጡና ከብረቱ አጠገብ አኖሩት።

«እንካ» አሉ። «ለሚቀጥለው ሰው ያስፈልግሃል።»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠው በወደደ። አጥናፉ ግን ሽማግሌው ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቆ፣ የካርቶኑን አራት ማዕዘን አይቶ፣ አለመጨማደዱን አረጋግጦ መደርደሪያው ላይ ሰቀለው። ጋሽ እንድሪስም ከዚያ ወዲህ ከሱ ዕቃ አልገዙም። ወደ ጎረቤቱ ሻይ ቤት ግን እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ መንገድ በሌላቸው ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ተራውን ሲያዩ ይውላሉ።

ሱቁ የአጥናፉ አልነበረም። ባለቤቱ እትዬ ወለላ ናቸው። እርጅና ሲመጣ ሐዋሳ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ቆረጡና አጥናፉን አስጠሩት። «እስከ ፋሲካ ገንዘቡን ካመጣህ ሱቁ ያንተ ነው። ካላመጣህ ማዶ ያለው ጎማ ሻጭ ስጡኝ እያለ ነው» አሉት።

ከአጥናፉ ይልቅ በዚህ ነገር እንቅልፍ ያጣችው ሚስቱ እቴነሽ ናት። ሱቁ የራሳቸው ሲሆን ጎኑን ከፍላ የቀለም መሸጫ ልትከፍትበት ነው። የኪራይ ቀን በመጣ ቁጥር የሚቋጠረው የባሏ ፊት በተፈታ ምን ነበረበት እያለች ስትመኝ ኖራለች። ገንዘቡም አልጠፋም። ሞልቷል። ያለው ግን ባንክ አይደለም፤ አጥናፉ ስልክ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥናፉ ሙሄ የሚባል የደረቅ ወደብ ትራንዚተር ወዳጅ አለው። ሙሄ፣ ብር ተቀምጦ ይቀልጣል፣ ክሪፕቶ ግን ስልክ ውስጥ የሚቀመጥ ዶላር ነው ብሎ አሳመነውና ዋሌት የሚሉትን የስልክ ኪስ አወጣለት። ዋሌቱ ሲከፈት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሰጠ። «ቁልፍህ እነዚህ ናቸው» አለው ሙሄ። «ያወቃቸው ሁሉ ገንዘቡን ያወጣል። ለማንም እንዳትናገር።»

አጥናፉ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ነው። ወረቀት ይሰረቃል ብሎ ቃላቱን እንደ ዳዊት በቃሉ ያዛቸው። ትርጉማቸውን አያውቅም። ከመካከል አንዱን ንገረን ቢሉት ከላይ ካልጀመረ አይመጣለትም። በዜማ ሲወርድ ግን አንዲት አይስትም።

«ለእኔም አትነግረኝም?» አለችው እቴነሽ በዚያን ጊዜ።

«ለማንም ተብያለሁ።»

«እሺ፣ ብትሞትስ?»

«አልሞትም።»

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ሙሄ ክሪፕቶውን በብር የሚገዛ ሰው አገኘሁ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ እቴነሽ ሜትር ይዛ የቀለም መደርደሪያ የሚቆምበትን ግድግዳ ልትለካ ሱቁ መጣች። አጥናፉ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ስልኩን ያያል። በቴሌግራም መልእክት ደርሶታል። «አስቸኳይ ማሳሰቢያ» ይላል። «ዋሌትዎ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተረጋገጠ ይታገዳል። ቀድመው ለሚያረጋግጡ የፋሲካ ስጦታ አዘጋጅተናል።» ከሥሩ ሊንክ አለ።

አጥናፉ ሊንኩን ነካውና አንድ ድረ ገጽ ተከፈተ። መነጽሩን አጠለቀ። እንግዲህ ኮፒና ኦሪጅናል መለየት የሱ ሥራ ነው። ምልክቱን አየ፤ ልክ ነው። ቀለሙን አየ፤ ልክ ነው። የመቆለፊያ ሥዕል አለበት። ከታች ከእነፎቷቸው የሚያመሰግኑ ደንበኞች ተደርድረዋል። በልማድ የምልክቱን ጠርዝ በጥፍሩ ሊፍቅ ሲል ስልክ መሆኑ ትዝ አለው። ከላይ በኩል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።

«ምንድን ነው?» አለች እቴነሽ።

«የዋሌቱ ድርጅት ነው። አረጋግጥ ይላል።»

«እስከ ዛሬ በራሱ በር ትገባ አልነበር? ዛሬ ሰው በላከልህ ቀዳዳ ምን አስገባህ? ለሙሄ ደውልለት።»

«ሙሄ መጋዘን ውስጥ ነው፣ አያነሳም። ሰዓቱ ደግሞ እየቆጠረ ነው።»

«ይቁጠር። ምን ጥደናል?»

አጥናፉ ሳቀባት። «ኮፒና ኦሪጅናል አንቺ ልታስተምሪኝ? ነይ፣ ካርቶኑን እዪ» ብሎ ስልኩን አዞረላት። «እዪ እንዴት እንደተሠራ። ይህን ሌባ ይሠራዋል?»

እቴነሽ የባሏን መደርደሪያ ቀና ብላ አየች።

ድረ ገጹ አሥራ ሁለቱን ቃላት ያስገቡ አለ። እዚህ ላይ አጥናፉ እጁን ሰበሰበ። ለማንም እንዳትናገር የሚለው የሙሄ ድምፅ መጣበት፤ እውነቱን ለመናገር ፈራ። ግን ስጦታው አለ፣ እገዳው አለ፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ሰው ለመሸነፍ ከቆረጠ ምክንያት አያጣም።

«ለማንም የተባለው ለሌላ ሰው ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ባለቤቱ ሲጠይቅማ ይነገራል።»

«ባለቤቱ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለች እቴነሽ።

አልሰማትም። ጀምሯል። በዜማ ካልሆነ ስለማይመጣለት ድምፁን አውጥቶ፣ አንዷን ቃል ብሎ በጣቱ እየለቀመ፣ ቀጣዩዋን ብሎ እየለቀመ ወረደው። ለሚስቱ የነፈገውን ለተራው ሁሉ አሰማ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ያሉት ጋሽ እንድሪስ ጆሮአቸውን ሰጥተው አዳመጡና፣ አጥናፉ ዛሬ ደግሞ በእንግሊዝኛ ዳዊት ይደግማል ብለው ሰውን አሳቁ።

አረንጓዴ ምልክት መጣ። እናመሰግናለን፣ ተረጋግጧል ይላል። አጥናፉ ሚስቱን በኩራት አያት። ስጦታውን ሊያይ ዋሌቱን ሲከፍት ግን ዓይኑ እያየ ገንዘቡ እየወጣ ነው። አንዱ ተላከ፤ ሌላው ተላከ፤ ከዚያ ዜሮ ብቻ ቀረ። ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ያው ዜሮ ነው።

ድረ ገጹ ላይ የደንበኞች እርዳታ የሚል ቦታ ነበርና ገንዘቤ የት ገባ ብሎ ጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣ። አቤት ትሕትናው። «ክቡር ደንበኛችን፣ በእኛ በኩል ምንም ችግር የለም። ችግሩ እርስዎ ያስገቡበት መንገድ ነው። እንዲስተካከልልዎ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ።»

አጥናፉ ይህችን መልስ ደጋግሞ አነበባት። ያውቃታል። ስንቱን ሹፌር በዚህች ሸኝቷል። አሁን በሌላ ሰው አፍ ስትመጣበት የዕቃ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። እቴነሽ ከትከሻው በላይ ሆና አንብባለች። ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሙሄ እየሮጠ መጣ፤ የተራው ሰውም ወሬ ሰምቶ በሩን ሞላው።

«ሰጠሃቸው?» አለ ሙሄ። «ለማንም አላልኩህም? ዋሌት መልእክት ልኮ ቁልፍህን አይጠይቅም። የጠየቀህ ሁሉ ሌባ ነው። አረጋግጥ ቢልህም ሌባ ነው፤ ስጦታ አለህ ቢልህም ሌባ ነው፤ ሰዓት እየቆጠረ ካጣደፈህማ የሌባ አባት ነው።»

«ምልክቱ እኮ ኦሪጅናል ነበር» አለ አጥናፉ።

«ምልክት ማንም ይቀዳል። ከየት እንደመጣ ነበር ማየት። የድረ ገጹን አድራሻ አየኸው?»

አላየውም። በሱ ንግድ፣ ይህ ነገር ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ነበር የሚቆጠረው። በሩ ላይ ከቆሙት መካኒኮች አንዱን ሳል ያዘው፤ ሳል ግን አልነበረም፤ ሳቅ ነው።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዷል። ማን ወሰደብህ ቢሉት አላውቅም አለ። አስገድዶህ ነው ቢሉት አይደለም አለ። ታዲያ ቁልፉን እንዴት አገኘው ሲሉት፣ እኔ ነኝ የደገምኩለት ብሎ አንገቱን ደፋ። መዝግበው በትዕግሥት ጠብቅ አሉት።

ፋሲካ መጣ፤ አለፈ። እትዬ ወለላ አዘኑለት፤ ሱቁን ግን ለጎማ ሻጩ ሸጡ። እቴነሽ እስከ ዳግም ትንሣኤ ባሏን አላናገረችውም። ያናገረችው ቀን አንድ ነገር ብቻ አለችው። «ቁልፉን ለእኔ ነግረኸኝ ብሰርቅህ እንኳ፣ ገንዘቡ ቤታችን ይቀር ነበር።» አጥናፉ በሕይወቱ እንደዚያች ቀን አፍሮ አያውቅም። 

ዕቃውን ያወጣ ዕለት ተራው ሥራ ፈትቶ ቆመለት። ኩሽኔታው ጥቂት ነው፤ ባጃጅ ላይ የተቆለለው አብዛኛው ባዶ ካርቶን ነው። የተጠረገ፣ የተቃና፣ ምልክቱ የሚያብረቀርቅ። ባጃጁ ሲነሳ ከላይ ያለው አንዱ ካርቶን ተንከባለለና ጋሽ እንድሪስ እግር ሥር አረፈ። አጥናፉ ባጃጁን አስቁሞ ወረደ፤ ሽማግሌው ፊት ግን ጎንበስ ብሎ ለማንሳት እጁ አልታዘዝ አለው።

ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው አነሡት። ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አዩ፣ ዘቅዝቀው አራገፉት፣ ምንም አልወደቀም። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው በሁለት እጃቸው ለአጥናፉ አቀበሉት። ከቆሙት ሹፌሮች አንዱ፣ እንግዳ ነው፣ ነገሩን አያውቅም፣ «አባቴ፣ ይኼ ሰውዬ ምን አግኝቶት ነው የሚለቅቀው?» ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ እንድሪስም የቀዘቀዘ ሻያቸውን አንሥተው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «በካርቶን የሸጠ፣ በካርቶን ተሸጠ» አሉት።