የሰርቨሩ ጠባቂና የቅዳሜው አፕዴት

አንድ ሰው ነበረ፤ የሰርቨር ጠባቂ። እሸቴ፣ «የእድሩ ሊቀመንበር ከሆንኩ ወዲህ ሥራው ሁሉ ለምን ተንቀረፈፈ? ጥፋቱስ የማን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? ስማኝ እንግዲህ።

ሰውየው የሚጠብቀው ሰርቨር የአንድ መሬት ቢሮ ፋይል ሁሉ በሆዱ ያለ፣ በኬብል ለየጠረጴዛው የሚያድል ኮምፒውተር ነበር። አሮጌ ቢሆንም ፋይል ሲጠሩት «አቤት» ሳይል ነበር የሚደርሰው። አንድ ቅዳሜ ሰውየው ሲስተሙን አፕዴት አደረገ። ማሽኑ ምን ምን እንደሚለወጥ የሚገልጽ ረጅም ጽሑፍ ሲያቀርብለት፣ ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የቢሮው ሠራተኞች ተሰብስበው አጨበጨቡለት፤ ጣሪያው ሦስት ክንድ ተነሥቶ ተመለሰ ይባላል።

ጭብጨባው ሳይበርድ ሰርቨሩ ማነከስ ጀመረ። ፋይል ልክፈት ብሎ የተቀመጠ ጎረምሳ፣ ሲከፈትለት የጡረታ ደብዳቤው ደርሶ ነበር።

በዚያው ሰኞ አንዲት መበለት መጣች። አጥሯ ላይ በቀይ ቀለም «ይፈርሳል» ተብሎ ተጽፎባታል። እስከ ዓርብ የይዞታ ካርታዋን ካላሳየች ቤቷ የለም። በእጇ የነበረውን ካርታ ምስጥ በልቶታል፤ የተረፈው ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«ሲስተም ተጨናንቋል፣ እናቴ። ነገ ይምጡ» አላት ጠባቂው።

ማክሰኞ ኬብሉን ሁሉ ነቅሎ አዲስ ዘረጋ። ረቡዕ የማሽኑን አቧራ አራገፈ፤ የወጣው አቧራ ለአንድ ጎጆ ምርጊት ይበቃ ነበር። ሰርቨሩ ግን ወይ ፍንክች! የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘርፌ ጠጋ አለችው።

«ወንድሜ፣ ቅዳሜ ምን ነካክተህበት ነው?»

«የተጨበጨበለትን ሥራ?»

«እኔም አጨብጭቤ መዳፌ ተልጧል። ማሽኑ ግን ሲያጨበጭብ አላየሁም።»

ነደደው። ሐሙስ ግምገማ አስጠራ። «ደጋግመው እየተጫኑ ማሽኑን አደከሙት» የተባሉ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሂሳቸውን ሲውጡ ዋሉ፤ ለዘርፌም ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። መበለቷ ደጁ ላይ ዋለች።

ዓርብ ከሰዓት የሚወነጅለው ሲያጣ፣ ያልመረመረው የቀረው የገዛ እጁን ሥራ ብቻ ነበር። ያን ረጅም ጽሑፍ ከፍቶ አነበበ። አዲሱ ሲስተም ለደኅንነት ሲል ከሰርቨሩ የሚወጣውን መረጃ ቁራጭ በቁራጭ ማኅተም ካልመታበት፣ ማኅተሙም በደረሰበት ካልተመረመረ አያሳልፍም ኖሯል። አሮጌው ማሽን ጉልበቱን የጨረሰው ማኅተም ሲመታ ነው! ለአሮጌ ማሽን እንዴት እንደሚቃለል እዚያው ሥር፣ በአንድ መስመር ተጽፏል። አስተካከለው። ካርታው ዓይን ሳይርገበገብ ብቅ አለ።

አትሞ ይዞት ሮጠ። ሲደርስ መበለቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አልጋው ግን መንገድ ዳር ነው። ቤቷ የነበረበት ቦታ አቧራው ገና አልሰከነም። ካርታውን ተቀብላ አየችና መለሰችለት።

«ጓዳዬ በየት በኩል ነው፣ ልጄ? እስቲ አሳየኝ» አለችው።

ጣቱን የሚያሳርፍበት አጣ።

እሸቴ፣ ሰርቨሩ እድራችን ነው፤ ጠባቂው አንተ። አዳራሽ ቀየርክ፣ ጸሐፊ ቀየርክ፣ አባሉን በየስብሰባው ገሠጽክ። «ድንኳን ያለ አምስት ፊርማ አይወጣም» ያልከውን፣ እኛም እንደ እብድ ያጨበጨብንልህን ደንብ ግን ዞር ብለህ አላየኸውም። ጥፋት የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከተጨበጨበለት ቀን ይጀምር። ሂድ፣ ደንቡን ዛሬውኑ ሰርዘው። ፊርማ ሲለቀም ያለ ድንኳን ዝናብ ላይ ለቅሶ የተቀመጠችው አስካለ ግን፣ አሁን በድንኳን እንካሳት ብትል ባሏ ዳግመኛ አይሞትላትም።