ግድብ ጠባቂው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አናቱን ግግር በረዶ ከሸፈነው ተራራ ሥር፣ አንዲት ዓይነ አፋር አህያ ትኖር ነበር። በጀርባዋ ከምትሸከመው ሁሉ ይልቅ የሚከብዳት ለዓመታት በሆዷ ይዛው የኖረችው ጥያቄ ነበር፦ ዝናቡ እየጠፋ፣ ከመስኩ በላይ ያለው ሐይቅ ለምን ይሞላል?

ቀና ብላ ስታይ መልሱ ተራራው ላይ ነበር። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በረዶው ወደ ላይ ይሸሻል፤ የቀለጠው ውኃ ሐይቁ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐይቁን እንደ ግድብ የያዘው ደግሞ በረዶው በደህናው ዘመን እየገፋ ያመጣው የአፈርና የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። የአህያዋ ውርንጭላ የሚተኛው ከዚሁ ክምር ሥር ነበር። አንድ ቀን መኝታው ረጥቦ አገኘችውና ዓይነ አፋርነቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ጉባኤ ሄደች።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «ክምሩ ውኃ ማስረግ ጀምሯል። ቢናድ ሁላችንንም ጠርጎ ይወስደናል። ወደ ኮረብታው ብንወጣስ?»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

«እመት አህዪት፣» አለ ቀበሮ፣ «በረዶው የሸሸው ንጉሣችንን ፈርቶ ነው። ሐይቁም የሞላው በግርማቸው ነው።»

አንበሳ ይህን ሲሰማ ጋማውን ነሰነሰ። ቢሆንም ደግ ንጉሥ ነውና ክምሩን የሚጠብቅ ሹም ይሾም አለ። ከመቆፈርና ከማሽተት ሌላ ሙያ የሌለው አያ ጅቦም ለቦታው የሚመጥን ሆኖ ተገኘ።

«አይዞሽ፣» አላት ጅቡ ከንፈሩን እየላሰ፣ «ከፈራሽ ውርንጭላሽን እኔ ዘንድ አሳድሪው።»

«አንተ ዘንድ ያደረ ሲነጋ ታይቶ አያውቅም፣» አለች በለሆሳስ።

አያ ጅቦ ሥራውን በትጋት ጀመረ። ክምሩን ሲያሸት፣ ከድሮ ጀምሮ ክምሩ ውስጥ በቀረ በረዶ ተቀብሮ የቆየ የበሬ ሬሳ እየሟሟ ኖሮ ሽታው አፍንጫውን መታው። ወዲያው መቆፈር ያዘ።

«ኧረ አያ ጅቦ! ምን እያደረግህ ነው?» ብላ ጮኸች አህያዋ።

«እየመረመርኩ!» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

«በስመአብ! ውኃው ይለቀቅብሃል!»

«ሹም አታውኪ! ሻኛው ወጥቷል፤ ታፋው ብቻ ቀርቶኛል።»

አህያዋ ወደ ጉባኤው ልመለስ ወይስ አልመለስ ብላ ጥቂት አመነታች። ከዚያ በዕድሜዋ አድርጋው በማታውቀው ኃይል አናፋች፤ ውርንጭላዋን እያስቀደመችም ወደ ኮረብታው ሮጠች። በጎችና ጥንቸሎች ከኋላዋ ተከተሏት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ የቀበሮን ልጆች አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው አገኙ። አባታቸውም አጠገባቸው ቆሟል።

«ለነፋሱ ብዬ ነው፣» አለ ቀበሮ። «ቆላው ይሞቃል።»

አያ ጅቦ ታፋውን ሲስበው ክምሩ አብሮ ተሳበ፤ ክምሩን ሐይቁ ተከተለው። መስኩና የንጉሡ ዙፋን በአንድ ላይ ሄዱ። አንበሳ ጋማው በጭቃ ተጣብቆ ኮረብታው ላይ ወጣ። አያ ጅቦም ታፋውን እንደ ነከሰ ብቅ አለና «ሥጋው ውኃ በዛበት» ሲል አማረረ።

«ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አልተነገረኝም?» ብሎ አገሳ አንበሳ።

«ተነግሮዎት ነበር፣ ንጉሥ ሆይ፣» አለ ቀበሮ። «ችግሩ የነገረችዎት አህያ መሆኗ ነው።»

አንበሳም ነገሩ ገባውና ወዲያው ጉዳዩን የሚያጣራ ጉባኤ ጠራ። ሰብሳቢው ቀበሮ፣ የክምር ዐዋቂው አያ ጅቦ ሆኑ። አህያዋም ጥያቄዋን እንድታቀርብ ተጋበዘች።

እሷ ግን ወደ ተራራው እያየች ነበር። ከተረፈው በረዶ ሥር አንድ አዲስ ትንሽ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከእንግዲህ ማንንም ላትጠይቅ፣ በየማለዳው ወጥታ ሐይቁን ልታይ፣ ማስረግ በጀመረ ጊዜም ፈቃድ ሳትጠብቅ ልታናፋ ወሰነች።

ከዚህ የምንማረው፣ የአስጠንቃቂው ድምፅ አላማረኝም ብሎ ጆሮውን ለደፈነ ሰው ጎርፉ በዜማ እንደማይመጣለት ነው።