ጓዳ የገባችው የኩሬ ቅጠል

አንድ ገበሬ ነበረ። ልጄ፣ «ወንድሜ ከእስር ከወጣ ወዲህ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይንጎራደዳል፤ ከእንግዲህ ሰው ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የዚህን ገበሬ ነገር ስሚ።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ከአባቷ አገር አንድ የውሃ ተክል አምጥታ በኩሬያቸው ተክላ ነበር። ቅጠሉ ሲመሽ ይታጠፋል፣ ሲነጋ ይዘረጋል። እሷ ካረፈች በኋላ ገበሬው ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር እየሄደ ሲዘረጋ ያይ ነበር፤ ሌላ መጽናኛም አልነበረው።

ድርቅ መጣ። ኩሬው ጎደለ፣ ከብቱም ረገጠው። ገበሬው የተረፈችውን አንዲት ተክል ከነጭቃዋ አንሥቶ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አኖራት። ፍየል እንዳይበላት፣ ዶሮ እንዳይጭራት ፈርቶም ጓዳ አስገባትና ቁርበት ከደነባት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲነጋ ቁርበቱን ቢገልጥ ቅጠሏ ተዘርግቶ አገኘው። «ብርሃን ሳታይ መንጋቱን ማን ነገራት?» ብሎ ተደነቀ። ውሎ ሲያድር ግን ሰዓቷን ሳተች። ረፋድ ላይ ትዘረጋ ጀመር፤ ከዚያ ቀትር ላይ፤ በመጨረሻም ታጥፋ ቀረች፣ ቢጫም ሆነች።

ጎረቤቱ አይቶ፣ «አንተ ሰው፣ ቅጠል አስረህ ትቀልባለህ እንዴ? ይልቅ ጣላትና ገንዳውን ለበሬዬ አውሰኝ» አለው።

ገበሬው ሊነቅላት እጁን ሰደደ። ሥሯ ግን ጭቃውን አጥብቆ ይዟል። እጁን መለሰ። ገንዳውን እየጎተተ የማለዳ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ደጃፍ አወጣው።

በዚያ ቀን አልተዘረጋችም። «ፀሐይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሙት የምታስነሣው?» አለ ጎረቤቱ እየሳቀ። ገበሬው ግን ገንዳውን ከደጅ አላነሣውም። ቀናት አለፉ። አንድ ማለዳ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ከቢጫው ሥር አንዲት ለምለም ቅጠል ተዘረጋች። ሲመሽም በሰዓቷ ታጠፈች።

እንግዲህ ልጄ፣ ወንድምሽም እንዲሁ ነው። ጨለማ ቤት ሲገባ መንጋት መምሸቱን በልቡ ይዞ ነበር፤ ጨለማው ሲረዝምበት ጠፋበት። ጠፋበት እንጂ አልሞተበትም። ሌሊት ሲንጎራደድ አትቆጪው። በግድም አትጎትቺው፤ ቅጠል በጣት ቢዘረጉት ይቀደዳል። ጠዋት ጠዋት ግን መስኮቱን ክፈቺ፣ ደጅ መቀመጫ አውጪለት፣ «እንዴት አደርክ» በይው። ዛሬ እምቢ ቢልሽ ነገም አውጪለት። አሁን ገና ማለዳ ነው፤ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ፣ በሩን ክፈቺለት።