የቃዲው የቀትር እንቅልፍ

ግድግዳዋ በኖራ የነጣ፣ ጭጋግ ሲወርድባት የመስጊዷ ሚናራ ብቻ ተንሳፍፎ የሚታይ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ ቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛ፣ ይኖሩ ነበር። ጉቦ በደጃቸው አያልፍም። ዕረፍትም እንደዚያው፤ ምሳቸውን እንኳ የሚጎርሱት ክርክር እየሰሙ ነው። "ሸሃችን፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ" ሲሏቸው፣ "የሰው ሐቅ ደጅ ቆሞ?" ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ባሏ የሞተባት ሰዓዳና የባሏ ወንድም አብዱልበር በአንድ የብርቱካን ማሳ ተካሰው ቀረቡ። አብዱልበር "የወንድሜ ነው፤ የውርስ ድርሻዬ ይሰጠኝ" አለ። ሰዓዳ አፏን ስትከፍት ቃዲው እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ልጅ አልወለደችምና ከአራት ሦስት እጁ ለአብዱልበር እንዲሆን ፈረዱ። መተዳደሪያዋ ያ ማሳ ብቻ ነበር፤ ተከናንባ እያለቀሰች ወጣች።

ቀትር ላይ የዙህርን ሰላት ሲያሰግዱ፣ ግንባራቸውን መሬት ካስነኩበት ሱጁድ ቀና ብለው "አላሁ አክበር" ማለት ሲገባቸው፣ ጮክ ብለው "ቀጣዩ ባለጉዳይ ይግባ!" አሉ።

"ሱብሃነላህ!" አለ አንድ ሽማግሌ ከፊተኛው የሰጋጆች ሰፍ፣ ስህተቱን ሊያስታውሳቸው። ሳቁን የዋጠም አልጠፋም፤ እኔም ብኖር አልስቅም ብዬ አልምልም። የቃዲው ፊት ግን አመድ መሰለ። አዛን የሚያሰማውን ሙአዚን "አንተ አሰግድ" ብለው ከኋላ ቆመው እንደገና ሰገዱ። ከዚያም ችሎቱን ዘግተው ከከተማዋ በር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ጋደም አሉ።

ሕልም አዩ። በችሎቱ ምንጣፍ ላይ ርግቦች አንድ በአንድ እየመጡ ይቀመጣሉ። አንዳቸውም አይናገሩም፤ እሳቸውም አይቸኩሉም፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እንዲህ ካዳመጡ ስንት ዘመናቸው! የመጨረሻዋ ርግብ ልትናገር ስትል ግን የገዛ እጃቸው ተነሳባት። ደንግጠው ነቁ። የከሰዓት በኋላው የዓስር ሰላት አዛን እየተሰማ ነበር፤ ጭጋጉም ከሚናራው ወገብ ደርሷል።

ከሰላት በኋላ ሁለቱን ተካሳሾች አስጠሩ።

"ልጄ፣ ጠዋት ምን ልትይ ነበር?"

"ማሳው መህሬ ነው፤ ባሌ ሲያገባኝ የሰጠኝ ነው፣ ሸሃችን" አለች ሰዓዳ። "የጋብቻችንን ኒካሕ ያሰሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

ቃዲው አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ችግኞቹ ገና ከጉልበት አልፈው እንዳልነበር፣ "መህሩን ወደድሽ?" ብለው እንዳስጠየቋት አሁን ትዝ አላቸው። የኒካሑ ምስክሮች ተጠርተው መሰከሩ። መህር ውርስ ውስጥ አይገባምና ማሳው ለሰዓዳ ተመለሰ።

አብዱልበር በገነ። "ጠዋት የፈረዱልኝን ማታ ነጠቁኝ! ጉቦ በልተዋል ልበል?"

"በልቻለሁ" አሉ ሸህ ሙዘይን። "የበላሁት ግን ጠዋት ነው። ድካሜ 'ቶሎ ፍረድና ተገላገል' አለኝ፤ የሰጠኝን ተቀበልኩ።"

ከዚያ ወዲህ ችሎቱ ከዙህር እስከ ዓስር ዝግ ሆነ።

ወገኖቼ፣ እኛ በድካማችን እንኮራለን። "ጊዜ የለኝም" ስንል ደስ ይለናል። ከሥራ ዝለን ቤት ስንገባ ግን፣ ልጃችን አፉን ሲከፍት እጃችንን የምናነሳ ስንቶች ነን? ሳስበው ያመኛል። ሰውነትም ሐቅ አለው፤ የእሱን ስንነፍግ የሌላውንም አብረን እንበላለን። ስለዚህ ትንሽ ጋደም በሉ። ደጅ የቆመው ጥቂት ይቁም፤ ሲገባ የሚሰማው ያገኛል።