ሲሰፋ የጠበበ ብርድ ልብስ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ትሁኔ፣ «ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ ምን ያህል ጠበቅ አድርጌ ልያዛት?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ከዚህ ሰው ታሪክ የተሻለ መልስ የለኝምና ታገሺኝ።

ይህ ሰው በሁለት አቡጀዴ መካከል ባዘቶ ጥጥ እያነጠፈ ብርድ ልብስ ይሰፋ ነበር። እንዲህ ያለ ልብስ ላይ ላዩ ካልተሰፋ ጥጡ ይሸሽና አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል፤ የቀረው ባዶ ጨርቅ ይሆናል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በመስመር በመስመር ይሰፋል። የሰውየው መስመር ቀጥ ያለ፣ ስፌቱም እንደ ጤፍ የደቀቀ ነበር። ይህን ራሱም ያውቃል። ገበያተኛ ቆሞ ሲያደንቅለት «ከእኔ ስፌት እንኳን ጥጥ ቁንጫም አያመልጥ» ይል ነበር።

በዚያው አገር አምስት ልጆች ያሏቸው ገበሬና ሚስቱ ነበሩ። ልጆቹ አንድ መደብ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። የጥቅምት ውርጭ ሲቃረብ ሚስቲቱ የቆላ ዘመዶቿ በዓመት አንድ ጊዜ የሚልኩላትን ጥጥ ስድስት ስድስት ክንድ ከሆኑ ሁለት አቡጀዴዎች ጋር ይዛ መጣች።

«አምስቱንም የሚያለብስ አድርገው ይስፉልኝ፤ ትንሹ ደረቱን ያመዋል» አለችው።

ስፌቱ ምን ያህል ይሁን ብሎ አልጠየቃትም። ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ደንበኛን አይጠይቅም ብሎ ያምን ነበርና። መስመር አወጣ። በመስመሮቹ መካከል ሌላ መስመር ጨመረ። በዚያም መካከል ሌላ። ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር እጁን መርፌ መርፌ ይለዋል። ሲጨርስ ልብሱን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም።

በሳምንቱ በገበያ ቀን ሴትዮዋ ልብሱን በትከሻዋ ይዛ ተመለሰች።

«አባቴ፣ ስፌትዎ ያምራል» አለችው። «ልጆቼ ግን ስፌት አይለብሱም።»

«ምን ጎደለው?»

«ለአራቱ ብቻ ነው የበቃው። ትንሹ ዳር ላይ ነው የሚተኛው፤ ሌሎቹ ሲስቡት እሱ ይገለጣል። የተሸፈኑትም በረደን ይሉኛል።»

«ስድስት ክንድ ሰጠሽኝ፤ አንድ ጣት ታህል አልቆረጥኩበትም።»

«እንግዲያው ይለኩት።»

በክንዱ ለካው፤ አምስት ሆነ። እንደገና ለካው። ያው አምስት። የደቀቀው ስፌት ጨርቁን ሰብስቦት፣ ጥጡንም ረግጦ እንደ ቁርበት አድርቆት ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠች ቅቤ ሻጭ «ወይ ጉድ፤ ሲሰፋ የሚጠብ ነገር ዛሬ አየሁ» አለች። የከበበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰፊው አልሳቀም።

ከቆሙት መካከል አንድ ባለጸጋ ነበረ። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰና «ይህንን ለእኔ ተውልኝ» አለው። «እልፍኜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። የገባ እንግዳ ሁሉ የሠራው ማነው ብሎ ይጠይቃል። ለሴትዮዋ ጥጥ ሲመጣላት ሌላ ትሰፋላታለህ።»

ጥጡ የሚመጣው ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው። ሴትዮዋ የልብሱን ጫፍ አልለቀቀችም።

ሰፊው እንዲህ ያለ ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። ግን ምላጩን አነሣና የመካከለኛውን መስመር ተረተረው።

«ምነው፣ አበድክ እንዴ?» አለ ባለጸጋው።

«አላበድኩም። እስከ ዛሬ የምለካው በዓይኔ ነበር» አለና ሁለተኛውን ተረተረ። ሦስተኛውንም ጨመረ። ዕፍረት እጁን አፈጠነው፤ አንድም ሳያስቀር ሊተረትር ሲል ሴትዮዋ እጁን ያዘችው።

«ሁሉንማ አይተርትሩት፤ ጥጡን ማን ይይዝልኛል?» ብላ መዳፏን ልብሱ ላይ ዘረጋች። «በመስመርና በመስመር መካከል ይቺን የምታህል ቦታ ይተዉልኝ። ልጆቼን መታ መታ አድርጌ የማስተኛበት።»

በመዳፏ እየለካ ትርፉን ተረተረ። ጥጡ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ጨርቁም ተዘረጋ። ሲለካው ስድስት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ቅቤ ሻጯ «ሲሰፋ ጠበበ፤ ሲተረተር ሰፋ» አለች። አሁን ሰፊውም ሳቀ።

በተተረተረው መስመር ላይ ግን የመርፌው ቀዳዳ ተደርድሮ ቀርቶ ነበር። ሰፊው በጣቱ ሲነካካው የልጆቹ እናት አይታ «ሲታጠብ ይደፈናል» አለችው። ከፊሉ ተደፈነ፤ ከፊሉ አልተደፈነም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ማለዳ በገበሬው ደጅ ሲያልፍ ልብሱን አጥር ላይ ተሰጥቶ አየው። ትንሹ ልጅ ከሥሩ ተሸሽጎ ወንድሞቹ ሲፈልጉት ይስቃል። ስፌቱን ያየለት ማንም አልነበረም። ሰፊው ግን አንገቱን ቀና አድርጎ አለፈ።

እንግዲህ ትሁኔ፣ ልጅሽ ጥጧ ናት፤ ትእዛዝሽ ስፌቱ ነው። ጭራሽ ካልሰፋሽ ትሸሽሻለች። ባዶ ቦታ ባየሽ ቁጥር መርፌ ካነሣሽም ትጠብብሻለች፤ ያን ጊዜ እሷም ይበርዳታል፣ አንቺም ይበርድሻል። ልኩን የሚነግርሽ የጎረቤት አድናቆት አይደለም። በአንዱ ትእዛዝና በሌላው መካከል መዳፍሽን የምታሳርፊበት ቦታ ካጣሽ፣ አብዝተሻል።

ይህን የምልሽ አጥፍቼ ስለተማርኩት ነው። የእኔን ልጅ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ሲላት፣ እኔ ስፌቴን እያየሁ እኮራ ነበር። ቤት ውስጥ ሳቋን እንደማልሰማ ልብ አላልኩም። ምላጩን ያነሣሁት ሃያ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ቀዳዳው ሁሉ አልተደፈነም፤ አንዳንዱን እኔም እሷም እናውቀዋለን። ባለፈው እሑድ ግን ምሳ ላይ አንድ ነገር ስናገር፣ እንግዶች ባሉበት፣ «እማዬ፣ ይሄንንስ ተሳስተሻል» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ። እንግዶቹ አፍረውልኝ አቀረቀሩ።

እኔ ግን አንገቴን ቀና አደረግሁ።