ምስሉ ሳይመጣ የተናገረው ጠጋኝ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አዛውንቱ መምህር።

በመድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። ጥያቄዋም ይህ ነበር፦ «ሰው ሳያውቅ ጥፋት ቢሠራ፣ ኋላ ብቻውን ቢደርስበት፣ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ መናገር አለበት ወይ?» መምህሩ አዎ ወይም አይ አላሏትም። ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበረ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እጁ ቀና፣ ቃሉ የታመነ ነው ይሉታል።

በዚያ ከተማ አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ነበረ። አንድ ቅዳሜ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የማኅበሩ መጋዘን ተቃጠለ። ለበዓል ተሸምኖ የተቀመጠው ጋቢና ነጠላ፣ ገና ያልተነካው ክር ሳይቀር አመድ ሆነ። ሰው አልሞተም። አርባ ቤተሰብ ግን የዓመት ድካሙን በአንድ ምሽት አጣ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ሁሉም ጣቱን በዘበኛው ላይ ቀሰረ። ዘበኛው ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ቀን በሩ አጠገብ ከሰል አያይዘው በቆሎ ሲጠብሱ ታይተዋል፤ ነፋሱ ፍንጣሪውን ወስዶት ነው ተባለ። «ከሰሉን በውሃ አጥፍቼዋለሁ፤ ራሴ ነኝ ያፈሰስኩበት» ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ክሩን ላድን ብለው ገብተው ቀኝ እጃቸው ተቃጥሎ ነበር። ያንንም ማስመሰል ነው ያለ ሰው አልጠፋም።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ካሜራ ተሰቅላ ነበር። ካሜራዋ ብትቃጠልም የቀረጸችው ሁሉ በግቢው ማዶ ባለው ቢሮ፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቷል። ላፕቶፑ ግን አቅም አልነበረውም። ቪዲዮውን ሲከፍቱለት ትንሽ ይንቀረፈፍና ደርቆ ይቀራል። ሃርድ ዲስኩም እንደታመመ ሰው ያቃስታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠጋኙን አስጠራችው።

«ራም ጨምርለት፤ ዲስኩንም በአዲስ ቀይረው» አለችው። «ከዚያ አዳራሽ ካለው ትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝልን። አንዱ አይቶ ለሌላው የሚያወራው ነገር አልፈልግም። ሁላችንም እኩል እንይ።»

በቀጠሮው ቀን ጠጋኙ በጠዋት መጥቶ ቢሮው ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ከግድግዳው ወዲያ አዳራሹ ይሞላ ነበር፤ ወንበር ሲጎተት፣ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ወንዶች ሲቆጡ ይሰማዋል። ሁለት ፖሊሶችም መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ አንጁሎ አዳራሽ መግባት ከብዷቸው ወደ ቢሮው መጡና ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ከጠጋኙ አጠገብ ተቀመጡ። በጨርቅ የተጠቀለለውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል።

«ልጄ» አሉት፣ «አደራህን እንዳይጠፋብህ። ከዚህ የሚያወጣኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አይዞዎት፣ አይጠፋም» አላቸው ከልቡ።

የላፕቶፑን ጀርባ ፈታ። ውስጡ አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ በብሩሽ ጠረገው። አሮጌውን ራም ነቅሎ በቦታው ትልቁን ሰካ። ከሚያቃስተው ዲስክ ላይ ቪዲዮውን ወደ አዲሱ ሲገለብጥ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ዲስኩ መሐል ላይ ቢሞት ሁሉም ነገር አብሮ ይሞታልና። አልሞተም። አዲሱን ዲስክ አስገብቶ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ ላፕቶፑን አስነሳው። ሰዎቹ ፊት እንዳያፍር ብሎም የቅዳሜውን ቪዲዮ ከፍቶ ወደ መጨረሻው አካባቢ ወሰደው። ምስሉ ጥርት ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ሄደለት።

ከክሩ መደርደሪያ አጠገብ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ሰውየው ራሱ ጠጋኙ ነበር።

ትዝ አለው። በዚያ ቅዳሜ የክር ማጠንጠኛዋ ሞተር ሽቦዋ ተበጥሶ ሊሠራላቸው መጥቶ ነበር። ሽቦውን በኤሌክትሪክ መበየጃው እየበየደ ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው፣ ካሜራዋም ኃይል የምታገኘው ከእሱ ስለነበር፣ መቅረጿን አላቋረጠችም። ጠጋኙ ጥቂት ሲጠብቅ ታየ። ቀጥሎ ስልክ ተደወለለት፤ እያወራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። መበየጃው ሶኬቱ እንደተሰካ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ጠጋኙ ወዲያው ቪዲዮውን ወደፊት ገፋው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ትንሽ ቆይቶ ከክሩ ሥር ቀጭን ጭስ ተነሣ።

መበየጃው ሲጠፋበት ሚኒባስ ውስጥ የጣለው መስሎት ነበር። ሌላ ገዝቶ ነገሩን ረስቶታል። የዚያን ዕለት መምጣቱን የሚያውቁም ነበሩ፤ ነገር ግን መብራት በሌለበት ወጥቶ የሄደን ሰው ማን ይጠረጥራል? እሱም ራሱን አልጠረጠረም።

ቪዲዮውን አቆመው።

«አለ ወይ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ።

«ገና ነው» አላቸው።

ቪዲዮውን ዘጋው። አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መታመሙን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሁለቱም ዲስኮች ላይ ያለውን ቪዲዮ ለማጥፋት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። «ሲገለበጥ ተበላሸ» ቢል የሚጠራጠረው የለም። ሚስቱን አሰበ፣ ሱቁን አሰበ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉትን አርባ ቤተሰቦች አሰበና በእነሱ ፊት መቆም አቃተው። ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ ጠየቁት፤ ሁለተኛም «ገና ነው» አለ። እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ሊቀመንበሯ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ሰው ሰለቸ» አለችው። «ካልሆነ አልሆነም በለን። የቻልከውን አድርገሃል፤ ማንም አይቀየምህም።»

መውጫው ይኸው ተከፍቶለት ነበር። ጠጋኙ ግን አልሆነምም ሆኗልም ሳይል ላፕቶፑን አንሥቶ፣ ረጅሙን ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ አዳራሹ ገባ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ እሱም አልወሰነም። እግሩ ወሰደው። ጋሽ አንጁሎም ተከትለውት ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

ገመዱን አንዱን ጫፍ ላፕቶፑ ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣበት። ቴሌቪዥኑ ገመዱ ከተሰካበት ውጭ በሌላ ቀዳዳ ላይ ተስተካክሎ ነበርና ሪሞቱን አንዴ መጫን ይበቃው ነበር። ጠጋኙ ይህን ያውቃል። ሪሞቱም በእጁ ነበር። አልተጫነውም።

ሕዝቡ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት «ድሮስ እውነቱ ምን ጠፋንና ነው!» ብላ ተነሣች። ሊቀመንበሯ እጇን አወናጨፈች። «ይብቃ፤ ተወው በቃ» አለች። አንደኛው ፖሊስ ወደ ጋሽ አንጁሎ ሄደና ጤነኛ ክንዳቸውን ያዘ። ሽማግሌው ወደ ጥቁሩ ቴሌቪዥን ብቻ አዩ።

«ልቀቃቸው» አለ ጠጋኙ።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ነበርና ደገመው። «ልቀቃቸው! ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

መበየጃውን እንደሰካ ትቶ መሄዱን፣ መብራት ተመልሶ መምጣቱን፣ ጭሱ ከየት እንደተነሣ አንድ በአንድ ነገራቸው። ያን ጊዜ ሪሞቱን ተጫነው። ምስሉም በሰፊው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ ሰው ሁሉ የሰማውን በዓይኑ አየ።

ያለቀሰ ነበረ፤ የረገመው ነበረ። አንዱ ሊመታው ተነሥቶ ፖሊሶቹ ከለከሉት። ጠጋኙ ሁሉንም አልፎ ጋሽ አንጁሎ ፊት ሄዶ ቆመ። ይቅርታ ሊል ሲል ሽማግሌው ቀደሙት።

«ስለ እሳቱ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «መብራት ሄደ፣ ረሳህ። እኔም የምረሳው ብዙ ነው። ግን ልጄ፣ አጠገብህ ሆኜ ‹አለ ወይ› ስልህ ‹ገና ነው› አልከኝ። ያኔ አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እሷን ይቅር ማለት ገና አልቻልኩም» አሉና በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ወጡ።

ጠጋኙ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ፍርድ ቤትም ቀረበ። ሱቁ ለብዙ ወራት ተዘግታ ቆየች። ማኅበሩ ጋሽ አንጁሎን ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ሽማግሌ ላከባቸው። እሳቸው ግን ለመመለስ ጊዜ ወሰዱ።

መምህሩ እዚህ ላይ ታሪኩን ተዉና ወደ ወጣቷ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። እሳቱን ሲያስነሣ አያውቅም ነበር፤ ሽማግሌውም በእሱ ቂም አልያዙበትም። ካየው በኋላ የሄደችው ግማሽ ሰዓት ግን አውቆ የሠራት ናት። አንቺም ስትሳሳቺ አላወቅሽም፤ ዛሬ ግን አይተሻል። ከእንግዲህ የሚያልፈው ጊዜ ያንቺ ሥራ ነው። የሚጠይቀኝ የለም አልሽ። ጠጋኙንም አንተ ነህ ወይ ያለው አልነበረም። አጠገቡ ግን የእሱን ጥፋት ተሸክሞ የተቀመጠ ሰው ነበር። ላንቺስ እንዲህ የተቀመጠልሽ ሰው የለም?»



«አንዲት ልጅ አለች» አለች ወጣቷ። «አብራኝ የምትሠራ ናት። የተሳሳተውን መድኃኒት የሰጠችው እሷ ናት ብለው ዛሬ ከሰዓት ሊያሰናብቷት ነው።»

«ታዲያ» አሏት መምህሩ፣ «እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?»