በቀይ ቀለም «የለም»

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። ይርዳው፣ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ግን ይህን ስማ።

ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጠረጴዛው ከአንድ ባልደረባው ጠረጴዛ ጋር የተገጠመ ነበር። ሁለቱም በአንድ የማኅተም ቀለም ነበር የሚሠሩት፤ አንዱ መትቶ ሲጨርስ ቀና ሳይል ወደ ሌላው ይገፋዋል። በዚያ መሥሪያ ቤት ጠዋት ጠዋት በአለቃው ጠረጴዛ ላይ የፊርማ ወረቀት ይቀመጣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አለቃው ቀይ እስክሪብቶ ያነሣና ካልፈረመው ሰው ስም ፊት «የለም» ብሎ ይጽፋል። አንዴ በቀይ የተጻፈ አይሰረዝም። ልማዱ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን አለቃው ወደ መዝገብ ክፍል መጣና ከአንድ ፋይል ውስጥ አንዲት ገጽ እንድትወጣለት ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ገጹ ቁጥር አለው» አለ ሠራተኛው። «ባወጣው ቦታው ይናገራል።»

«አንተ ደግሞ ከወረቀት ጋር ቆርበሃል» ብሎ ሳቀና ሄደ አለቃው።

በማግስቱ ሠራተኛው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። በስሙ ፊት «የለም» ተጽፎ ጠበቀው። ቀዩ ቀለም ገና አልደረቀም።

«ጌታዬ፣ ይኸው አለሁኮ» አለ።

አለቃው ቀና አላለም። «ወረቀቱ የለም ይላል» አለ፣ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው።

ሠራተኛው ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጥሮ ጠረጴዛው ጋ ሄደና ሲሠራ ዋለ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ እርጥብ መወልወያዋን በጫማው ላይ እየጎተተች አለፈች፤ እግርህን አንሣ እንኳ አላለችውም። በአራተኛው ቀን ሻይ የምታዞረው ሴት ለሁሉም አድላ የእርሱን ጠረጴዛ ዘለለችው።

«እኔስ?» አላት።

ሴትዮዋ ቆም አለች። «ዛሬ ስንት ናችሁ?» ብላ በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ትሪዋን ይዛ ወጣች።

በአምስተኛው ቀን ጨነቀውና እጁን በባልደረባው ትከሻ ላይ አኖረ። ባልደረባው ተንዘፈዘፈ።

«በሩን ዝጉት እባካችሁ፤ ብርድ ገባ» አለ።

በሩ ዝግ ነበር። ነገር ግን ይኸው ባልደረባው ማኅተሙን መትቶ ሲጨርስ ዓይኑን ሳያነሣ ቀለሙን እንደ ወትሮው ገፋለት። ሠራተኛው ቀለሙን ተቀብሎ ደርቆ ቀረ። «ያየኛል!» አለ በልቡ። ከብርዱም፣ ከሻይዋም ይልቅ ያስፈራው ይህ ነው።

አሥር ቀን ሲሞላ ደብዳቤ ተጻፈ። ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ከሥራ ገበታው በመቅረቱ ተሰናብቷል ይላል። ተላላኪው ደብዳቤውን እጉልበቱ ላይ ጥሎለት ሄደ፤ ባዶ ወንበር ላይ እንደሚጥል።

ሚስቱ ግን ታየው ነበር። «እንዴት ዋልክ?» ስትለው ሁልጊዜ «አለሁ» ነበር መልሱ። ያን ዕለት «አለ...» ብሎ ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ሚስቲቱ ጽሕፈት ታውቅ ነበርና ተቀምጣ ይግባኙን ጻፈችለት። ሊፈርም እስክሪብቶውን ቢጫን ወረቀቱ አልያዘለትም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር እንደ ክር የቀጠነ መስመር ወጣ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባልና ሚስት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ይግባኝ ባይ!» ተብሎ ተጠራ።

«አለሁ!» ብሎ ተነሣ። ማንም ዞር አላለም።

ዳኛው ሚስቲቱን አዩዋት። «ባለቤትሽ ቀረ እንዴ?»

«ይኸው ቆሟል፣ ክቡር ዳኛ» አለች፣ ክንዱን ይዛ።

ከኋላ አንዱ «ኮቱን ነው?» ቢል ተሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ያን ባልደረባ በምስክርነት አስጠሩትና «በእነዚያ አሥር ቀናት ይህ ሠራተኛ በሥራ ገበታው ላይ ነበረ ወይስ አልነበረም?» ብለው ጠየቁት።

ምስክሩ ወደ አግዳሚው ዞረ። ከሠራተኛው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከዚያም ምስክሩ አቀረቀረ።

«አላየሁም» አለ።

ሚስቲቱ የያዘችው ክንድ በእጇ ውስጥ ቀለለባት። ብትጨብጠው ባዶ እጅጌ ነው። ኮቱን አጥፋ በደረቷ ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ባልደረባው ሥራ ገባ። ማኅተሙን መትቶ ሲጨርስ ለምዶበት ቀለሙን ወደ ጎን ገፋው። ጥቂት ቆይቶ ከባዶው ጠረጴዛ የማኅተም ምት ሰማ፤ ቀስ ያለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሚያውቀው። ቀለሙም ተገፍቶ ተመለሰለት። ቀና ብሎ አላየም። እስከ ዛሬም አላየም። በጠራራ ፀሐይ ምን ያንቀጠቅጥሃል ሲሉት «በሩን ዝጉት» ይላል።

እንግዲህ ይርዳው ወንድሜ፣ ትናንት ደጄ ላይ ቆመህ «እትዬ፣ ሰውየው ሞቷል፤ የሞተ ሰው ይግባኝ ምን ይረባዋል? ተይው» አልኸኝ። መልሴ ይኸው ነው። የእኔ ባል ተንኖ አልጠፋም። በአልጋው ላይ ነው የሞተው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነህ፤ ክብደቱን ታውቀዋለህ። የመሥሪያ ቤታችሁ ወረቀት ግን አሥር ቀን «የለም» ይላል። በአሥሩም ቀን ምሳ ዕቃውን በእጄ ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ፤ ባዶውን ነበር የሚመልሰው፤ ግማሹን ማን ይበላለት እንደነበር ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጄ «አባዬ ያን ጊዜ የት ነበር የሚውለው?» ትለኛለች። እኔ ዝም ባልሁ ቁጥር መንደሩ የራሱን መልስ ይሰጣታል።

ያ በብርድ የሚንቀጠቀጠው ባልደረባ አንተ ነህ አልልህም። እስከ ማክሰኞው ቀጠሮ ድረስ አይደለህም። ማክሰኞ የባሌ ስም ሲጠራ «አለሁ» የሚል አይኖርም፤ አንተንም አለ በልልኝ አልልህም። ገና ስጀምር ምን ብዬ ነበር የጀመርኩልህ? አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ። ሌላው ይቅር፤ ከዳኛው ፊት ቆመህ ያችን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ በል። ነበረ በል።